ጠራዥ ነበረች፦ ስለ ኤለን ስታር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ስለ ኤለን ጌትስ ስታር የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ላከችልኝ። «ስለ ጥረዛ ነው፣ ሳታነቢው እንዳይቀር» አለችኝ። ማታ ሱቁን ዘግቼ አነበብኩት። ስጀምረው ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ እኛ ሙያ፣ ያውም ስለ ሴት ጠራዥ፣ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ አላየሁም። ስጨርሰው ግን ከፋኝ። እውነቴን ነው፣ እንቅልፍም እንቢ አለኝ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኤለን ስታር አሜሪካዊት ናት። ከጄን አዳምስ ጋር ሆና መስከረም 18 ቀን 1889 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሐል ሀውስ የተባለውን ቤት ከፈተች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሰፈሩ ጣሊያኖች፣ ግሪኮች፣ ቦሄሚያዎች፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች ተጨናንቀው የሚኖሩበት የስደተኛ ሰፈር ነበር። ሁለቱ ሴቶች እዚያው መሃል ገብተው ኖሩ፣ ልጆች አስተማሩ፣ ለጎረቤት ደረሱ። አዳምስ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች፣ ስሟንም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ስታር መጽሐፍ ጥረዛ ውስጥ ገባች፣ ከዚያም የሠራተኞች አድማ ውስጥ።

ጽሑፉ የሚለው እንግዲህ እንዲህ ነው። ስታር ባለጸጋ ነበረች። ጥረዛው ጊዜ ማሳለፊያዋ ነበር። ከአንድ ታዋቂ ወንድ የቀዳችው ነው። እሷ ራሷም ተጸጽታ ተወችው። ከአድማው ጋር ምንም አያገናኘውም። በኋላ ገዳም ገብታ ሠራተኞቹን ረሳች። ትታው ያለፈችው ወረቀትም የአዳምስ ደብዳቤዎች ስላሉበት እንጂ በራሱ የሚጠቅም ነገር የለውም። መጨረሻው ላይ ደግሞ «በትክክለኛው ትርጉሙ ሥራ የሚባል ነገር አልነበራትም» ይላል።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ጠራዥ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የተበጣጠሰ ዳዊትና መጽሐፍ ቅዱስ እጠርዛለሁ። ዘንድሮ 13 ዓመቴ ነው። ስለ ስታር ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰምቼ የተገኘውን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ በግል የምጠላቸውም ነገር የለም። የጻፉትን ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም።

«ባለጸጋ ነበረች» ከሚለው ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። ስታር በ1859 ኢሊኖይ ውስጥ ላኦና በሚባል የገጠር አካባቢ ተወለደች። አባቷ ገበሬ ነበር። በ1877 ሮክፎርድ ወደሚገኘው የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች፣ ከአዳምስ ጋር የተዋወቁትም እዚያ ነው። አዳምስ ትምህርቷን ጨርሳ ወጣች። ስታር ግን አንድ ዓመት ተምራ አቋረጠች፣ ቤተሰቡ መክፈል አልቻለማ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል እያስተማረች በደመወዟ ኖረች። ቺካጎ ውስጥ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ነበር፣ ብዙ ባለጸጋ ወዳጆች ያገኘችውም በዚያ በኩል ነው። ባለጸጋ ወዳጅ ያለው ሰውና ባለጸጋ ግን አንድ አይደሉም። ከአባቷ ውርስ ያገኘችው አዳምስ ናት። ጸሐፊው ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ቀላቅለው የአንደኛዋን ገንዘብ ለሌላዋ ሰጡ።

ወደ «ጊዜ ማሳለፊያ» ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

ስታር ወደ ለንደን የሄደችው በ1897 ነው። 38 ዓመቷ ነበር። ሐመርስሚዝ በሚባለው ሰፈር ደቭስ የተባለ የጥረዛ ቤት ነበር፣ ባለቤቱ ቶማስ ኮብደን ሳንደርሰን። እዚያ 15 ወር ያህል ተቀምጣ ተማረች። ከዚያ ተመልሳ ሐል ሀውስ ውስጥ የራሷን የጥረዛ ክፍል ከፈተች፣ ተማሪም ወሰደች። በ38 ዓመቱ ሥራውንና አገሩን ትቶ፣ ከጀማሪ ጋር ተቀምጦ መርፌ መያዝ የሚማር ሰው ጊዜ ሊያሳልፍ ነው የሄደው?

ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ ጸሐፊው ያውቁ ይሆን? በእጅ የሚጠረዝ መጽሐፍ እንዲህ ነው የሚሠራው። ወረቀቱ ይታጠፋል። እጥፋቱ በቅደም ተከተል ይደረደራል። ከዚያ በስፌት ፍሬሙ ላይ በቁም ከተወጠሩት ገመዶች ጋር አንድ በአንድ ይሰፋል፣ መርፌው በእጥፋቱ መሃል ይገባል፣ ገመዱን ዞሮ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ቀዳዳ። ክሩ ከላላ መጽሐፉ ይወላልቃል፣ ከጠበቀ ወረቀቱን ይቀደዋል። ትክክለኛውን ጣት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስፌቱ ሲያልቅ ጀርባው ኮላ ይቀባል፣ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይጎብጣል። ገበታዎቹ፣ ማለት ጠንካራዎቹ የሽፋን ሰሌዳዎች፣ በገመዱ ጫፍ ይታሰራሉ። ራስጌና ግርጌው ላይ በሐር ክር ጥልፍ ይሠራለታል። ከዚያ ቆዳው፣ የፍየል ሌጦ ከሆነ ጠርዙ በስለት እየተፋቀ እስኪሳሳ ድረስ፣ አንድ ጊዜ እጅ ከሳተ ቆዳው ተበሳ፣ ተበላሸ፣ የወር ገቢ ሄደ። መጨረሻ ላይ ወርቁ ይመጣል። ቆዳው ላይ የእንቁላል ነጭ ይቀባል፣ የወርቅ ቅጠል ይነጠፋል፣ የጋለ ብረት ይጫናል። ብረቱ ከሚገባው በላይ ከጋለ ቆዳውን ያቃጥላል። ከበረደ ወርቁ አይዝም። ሁለተኛ ዕድል የለም።

የእኛ አገር ድጉስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የብራናው ጥራዝ በሰንሰለት ስፌት ይያያዛል፣ ገበታው እንጨት ነው፣ ብዙ ጊዜ ዋንዛ። ቆዳው በጋለ ብረት ይደጎሳል፣ ወርቅ የለውም፣ ጌጡ የብረቱ አሻራ ብቻ ነው። አሮጌ ድጉስ ዳዊት በእጄ ሲገባ ቆሜ አየዋለሁ። ያ ሰው መስመሩን ሲያሰምር ትንፋሹን እንዴት እንደያዘ ይታወቀኛል።

እኔ ይህን ሙያ የለመድኩት ከአንዲት እናት ነው። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ በስፌት ክፍል ከ30 ዓመት በላይ ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ያስተምሩኝ ጀመር። ክር በሰም ማሸት ብቻ ሁለት ሳምንት አሠሩኝ። ቀኝ እጃቸው ላይ አመልካች ጣታቸው ጎብጦ ቀርቷል፣ መርፌው ነው ያጎበጠው። የእኔም መጎበጥ ጀምሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሱቄ ከሚመጡ ደንበኞች ውስጥ፣ አዲስ ከሆኑ፣ ብዙዎቹ ይገቡና እኔን አልፈው ወደ ውስጥ እያዩ «ጠራዡ የለም እንዴ?» ይላሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ይስቃሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን በዚህ ዘመን፣ መርፌውን በእጄ ይዤ፣ ፊታቸው ቆሜ እንዲህ ከተባለ፣ ከ120 ዓመት በፊት የሠራችዋ ስታር ዛሬ ሥራዋ ጊዜ ማሳለፊያ ቢባል አይገርመኝም። ያናድደኛል እንጂ።

«ከወንድ ቀዳች» የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። ኮብደን ሳንደርሰን ራሱ ማን ነበር? ጠበቃ ነበር። ጥረዛ የጀመረው በ1883 ነው፣ ዕድሜው ከ40 አልፎ። ያኔ በእጅ ሥራ ስሙ የገነነው የዊልያም ሞሪስ ሚስት ጄን ሞሪስ ናት «ጥረዛ ለምን አትማርም?» ያለችው። እንግዲህ ከስታር በዕድሜ ገፍቶ የጀመረ፣ ከስታር ይልቅ የተመቸው ሰው ነው። እሱን ጊዜ አሳላፊ ያለው የለም። ጸሐፊው ራሳቸው «ታላቁ የጥረዛ ሊቅ» ይሉታል። ልክ ናቸው፣ ታላቅ ነበር። ታዲያ አንዱን መንገድ ወንድ ሲሄድበት ሊቅነት፣ ሴት ስትሄድበት ቅጂ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ከመምህር መማር ማለት መቅዳት አይደለም። የትኛው ሙያ ነው ከመምህር እግር ሥር የማይለመደው? ቁም ጸሐፊው ከየኔታ ነው የሚማረው፣ ደጓሹም እንደዚያው። ማንም «ቀዳ» አይለውም፣ «እገሌ ዘንድ የተማረ» ተብሎ ይከበርበታል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ጥረዛ ቤቶች ውስጥ ሴቶች በብዛት ነበሩ። ያጥፋሉ፣ ይሰፋሉ። ለንደን ውስጥ በ1874 የጥረዛ ሴት ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፣ ይህን ያህል ብዙ ነበሩ። ግን ቆዳውና ወርቁ የወንድ ነበር፣ ክፍያውም እንደዚያው። ስፌቱ ርካሽ፣ ወርቁ ውድ። አንዲት ሴት መጽሐፉን ከመጀመሪያው እጥፋት እስከ መጨረሻው ወርቅ በራሷ እጅ ስታደርስ በዚያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ስታር ያደረገችው ይሄንን ነው። እትዬ 30 ዓመት ሲሰፉ አንድም ቀን ወደ ቆዳው ጠረጴዛ እንዲቀርቡ አልተደረገም። ቆዳ የተማሩት ማታ ማታ፣ አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባቸው በድብቅ እያሳዩአቸው ነው።

አሁን ወደ ጸጸቱ። ጸሐፊው በጣም የተመረኮዙት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስ።

እውነት ነው፣ ስታር ተናግራለች። አስቀድማ በደንብ አስባበት ቢሆን ኖሮ፣ በእጇ የምትሠራው መጽሐፍ ሀብታም ብቻ የሚገዛው እንደሚሆን ታውቅ እንደነበር ተናግራለች። አልክድም። የስታር መጽሐፍ ውድ ነበር። ሳምንታት የፈጀ፣ ወርቅ የተቀባ ነገር እንዴት ርካሽ ይሆናል? ሐል ሀውስ ደጃፍ ላይ የሚያልፈው የልብስ ሰፊ ቤተሰብ አይገዛውም።

ግን ቃሉን አስተውሉት። ስፌቱ ከንቱ ነው አላለችም። እጄን በከንቱ አደከምኩ አላለችም። ያስጨነቃት ገዢው ማነው የሚለው ነው። ይህንን ጭንቀት ደግሞ የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ በሌጦ የምጠርዘውን መጽሐፍ እኔ ራሴ መግዛት አልችልም። አንዲት እናት የባሏን ዳዊት ይዛ ትመጣለች፣ ቅጠሉ ሁሉ ተለያይቷል፣ ቆዳው አልቋል፣ ዋጋውን ስነግራት ዝም ብላ መጠቅለያውን መልሳ ማሰር ትጀምራለች። እንደዚያ ቀን ሙያዬን የምጠላበት ቀን የለም። ሰፍቼ በጨርቅ ሸፍኜ በምትችለው እሰጣታለሁ። በሌጦ ቢሆን ግን ልጆቿም ይጸልዩበት ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ያን ቀን ማታ ቢጠይቀኝ ስታር ያለችውን ነበር የምለው። በነጋታው ደግሞ ሱቄን ከፍቼ እሰፋለሁ።

«ተወችው» ስለሚለውም አንድ ነገር። ጽሑፉ ጥቂት ዓመት ሠርታ ጣለችው ይላል። በ1902 አንድ የሶሻሊስት መጽሔት ላይ ስለ እጅ ሥራ ትንሣኤ ጽፋለች። እሺ፣ ያ ገና ሥራው ሞቅ ባለበት ጊዜ ነው እንበል። በ1915 እና በ1916 ግን ምን አደረገች? የእጅ ጥረዛ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምሩ ተከታታይ ጽሑፎች በአንድ የኢንዱስትሪ ጥበብ መጽሔት ላይ አወጣች። ከለንደን ከተመለሰች ከ15 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሙያውን የጣለ ሰው አሠራሩን ለሌላው ለማስተማር ቁጭ ብሎ አይጽፍም። ጸሐፊው እነዚህን ጽሑፎች አንድም ቦታ አልጠቀሷቸውም።

ዓመቱን ደግሞ ያዙልኝ፣ 1915። ወደ ቀጣዩ ነጥብ የሚያሻግረኝ እሱ ነው።

«ጥረዛውና አድማው አይገናኙም፣ ሁለት የተለያየ ሕይወት ነው» ይላሉ ጸሐፊው። በ1915 ቺካጎ ውስጥ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ትልቅ አድማ ተደረገ። ስታር መሃሉ ነበረች። የሠራተኞቹ ማኅበር የዕድሜ ልክ የክብር አባል እስከማድረግ ደረሰ። ስለ ጥረዛ የምትጽፈውና አድማ ላይ የምትቆመው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። አንድ ሴት፣ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም አንድ ጠረጴዛ። ሁለቱን ሕይወት የት ላይ ነው የሚቆርጧት?

ወደ ኋላም ብንሄድ ያው ነው። በ1895 የሐል ሀውስ ሰዎች ስለ ሰፈራቸው ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስታር ስለ ጥበብና ጉልበት ጽፋለች። ለንደን ከመሄዷ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። ሐሳቧ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሰው በሥራው ነጻነትና ደስታ ከሌለው ጥበብ ከየት ይመጣል? ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ኪስ ሲሰፋ ለዋለ ሰው ማታ ሥዕል ብታሳዩት ምን ይረባዋል? እሷ መጀመሪያ ሥዕል የምታሳይ ሴት ነበረች። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ጥሩ ሥዕል እንዲሰቀል ማኅበር ያቋቋመችው በ1894 ነው። ከዚያ ማሳየቱ አልበቃ ሲላት በገዛ እጇ ልትሠራ ሄደች። መሥራቱም አልበቃ ሲላት የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ሄዳ ቆመች። እኔ እዚህ ውስጥ አንድ መንገድ ነው የሚታየኝ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርድ።

የ1910ን አድማ ተመልከቱ። እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ? አንድ ትልቅ የወንዶች ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኪስ ለሚሰፉ ሴቶች በአንድ ስፌት የሚከፈላቸው አራት ሳንቲም ነበር። ሩብ ሳንቲም ተቀነሰባቸው። ሩብ! ጥቂት ልጃገረዶች ሥራ ጥለው ወጡ። ከሳምንታት በኋላ 40,000 ያህል ሰው አድማ ላይ ነበር። ብዙ የተማረ ሰው በሩብ ሳንቲም ምን እንዲህ አስነሳቸው ይል ይሆናል። መርፌ የያዘ ሰው ግን አይልም። እኔ ስጀምር በቁጥር ነበር የሚከፈለኝ፣ በአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል። አንድ ቀን አሠሪዬ ከአንዱ መጽሐፍ ላይ 50 ሳንቲም ቀነሰብኝ። ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁት፣ የወሩ የታክሲ ሒሳብ ነበር። ስታርም ስፌት ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ጀርባን ምን እንደሚያደርግ በራሷ እጅ ታውቃለች። ከልብስ ሰፊዎቹ ጎን መቆሟ ይህ ስለገባት ይመስለኛል።

በ1914 ደግሞ ሄንሪሲ የሚባል የቺካጎ ምግብ ቤት አስተናጋጆች ሲያድሙ ደጃፉ ላይ ቆማ ተያዘች። የፖሊስን ሥራ አደናቀፍሽ ነው ክሱ። 50 ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። በ1916 በሶሻሊስት ፓርቲ ስም ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድራ ተሸነፈች። ይሄ ሁሉ ጽሑፉ ላይ በሁለት መስመር ነው ያለፈው።

ስለ ገዳሙ ረጅም መልስ አያስፈልግም። በ1920 ካቶሊክ ሆነች፣ 60 ዓመት አልፏት ነበር። በ1929 አከርካሪዋን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች። ከዚያ በኋላ ነው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ሰፈርን ወደሚባል ቦታ፣ መነኮሳት ዘንድ ገብታ የኖረችው፣ በ1940ም እዚያው አረፈች። መቆም የማትችልን አሮጊት ሠራተኞቹን ረሳች ብሎ መክሰስ ደግ አይደለም። በእኛ አገር እንኳ ሰው ሲያረጅ ወደ ደብር መጠጋቱን ማን ይነቅፈዋል?

የቀረኝ የወረቀቱ ጉዳይ ነው።

የስታር ወረቀቶች ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኖርዝሃምፕተን ከተማ፣ ስሚዝ ኮሌጅ ውስጥ ነው የሚገኙት፣ የሴቶች ታሪክ በሚሰበሰብበት ክፍል። የአዳምስ ደብዳቤዎች አሉበት፣ እውነት ነው፣ ብዙ ተመራማሪ የሚሄደውም ለነሱ ነው። የስታር የራሷ ደብዳቤዎች፣ ጽሑፎቿ፣ የቤተሰቧ ወረቀቶች፣ ስለ ጥረዛ ሥራዋ የቀሩ ነገሮችም አሉ። ጸሐፊው እነዚህን «የዎርክሾፕ ቁርጥራጭ» ብለው አለፏቸው። ማንም ታሪክ ጸሐፊ እንደማይፈልጋቸውም ጨመሩ።

እኔ እፈልጋቸዋለሁ። አንድ ጠራዥ ከያዘው ወረቀት ምን እንደሚነበብ ልንገራችሁ። የኔ ደብተር ላይ የደንበኛ ስም፣ የመጽሐፉ መጠን፣ የክሩ ዓይነት፣ ቆዳው ከማን ተገዛ፣ ቀብድ ስንት፣ ቀሪ ስንት፣ መቼ ተወሰደ ይላል። ከዚህች ደብተር የክር ዋጋ መቼ እንደጨመረ ታገኛላችሁ። ተማሪዎች በየትኛው ዓመት በወርቅ ፊደል ማሠራት ትተው በተራ ሽፋን ማሠራት እንደጀመሩ ታገኛላችሁ። ማን ቀብድ ከፍሎ እንደቀረ፣ የትኛው ሰው የሞተ አባቱን መጽሐፍ አሳድሶ እንደወሰደ። አንድ ሰፈር እዚያ ውስጥ አለ። የጥረዛ ቤት ወረቀት ቁርጥራጭ የሚመስለው አንብቦት ለማያውቅ ነው።

ወረቀት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ አውቃለሁ። እትዬ ጡረታ ሲወጡ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ከ30 ዓመት በኋላ። አሳይተውኛል፣ በፕላስቲክ አድርገው አስቀምጠውታል። የሥራ መደባቸው «የጉልበት ሠራተኛ» ይላል። ጠራዥ አይልም። ስፌት የሚል ቃልም የለበትም። በዚያ ማተሚያ ቤት የታተሙ ስንት የትምህርት ቤት መጻሕፍት በእሳቸው እጅ እንዳለፉ የሚያስረዳ አንድም ነገር የለም። እናንተ ራሳችሁ ልጅ ሆናችሁ የተማራችሁበት መጽሐፍ በእሳቸው የተሰፋ ሊሆን ይችላል። የብራና መጻሕፍቶቻችንም ነገር ይኸው ነው። የጸሐፊው ስም አለ፣ ያስጻፈው ሰው ስም አለ፣ የደጓሹን ስም ግን ስንቱ ላይ ነው የምናገኘው?

ስታር ግን ወረቀቷ ተረፈ። በመትረፉ ነው እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ፣ ቋንቋዋ ቋንቋዬ ሳይሆን፣ አገሯን ሳላየው፣ በሥራዋ ምን እንዳስጨነቃት ማወቅ የቻልኩት። ጸሐፊው «ዋጋ የለውም» ያሉት ወረቀት ለእኔ ሙያዬን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ያናገረኝ ያህል ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነው። ስለ ገንዘቧ የጻፉትን ያርሙ። የ1915 እና የ1916 ጽሑፎቿን ይጨምሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሥራ የሚባል ነገር አልነበራትም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያውጧት።

ጽሑፉን ለእትዬ እሁድ ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፣ «በስንት ገመድ ነበር የምትሰፋው?» አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ተነስተው ከአልጋቸው ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን ጎትተው አወጡ። ውስጡ ማተሚያ ቤት በነበሩ ጊዜ በየቀኑ ስንት መጽሐፍ እንደሰፉ በእርሳስ የጻፉባቸው ስድስት ትንንሽ ደብተሮች ነበሩ። መኖራቸውን እስከዚያ ቀን አልነገሩኝም። የመጀመሪያዋ ደብተር ስፌቷ ተፈቷል። ይዣት መጥቻለሁ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ነገ ጠዋት እሰፋታለሁ።